ከጆሮ ጀርባ የጠፋው ጥላሸት

ይህን የምታነቡ ሰዎች፣ አብሯችሁ የሚሠራን ሰው ጠርጥራችሁ ታውቁ እንደሆነ አላውቅም። እኔ አውቃለሁ። ጥርጣሬዬ ማክሰኞ ጠዋት ተጀምሮ ሐሙስ ቀትር ላይ አበቃ። በእነዚያ ሦስት ቀናት ያደረግኩትን ሳስብ ግን እስካሁን ፊቴ ይግላል። ሳላሳምር እንደሆነው ልጻፈው።

የተወለድኩት አምባሰል ውስጥ፣ ከውጫሌ በእግር ሦስት ሰዓት ከሚያስኬድ ቀበሌ ነው። አንደኛ ክፍል ስገባ አሥራ ሰባት ዓመት ሞልቶኝ ነበር። መምህሩ የመጀመሪያ ቀን የተማሪ እናት መስዬው “ልጅሽ የትኛው ነው?” ብሎ ጠየቀኝ። ዘግይቶ የተማረ ሰው የተማረውን እንደ ትውስት ዕቃ ነው የሚይዘው፤ እንዳይሰበርበት ይሰጋል፣ ሁለት ጊዜ ይለካል፣ ሁሉንም ይጽፋል። እኔም እንደዚያ ነኝ። ኤሌክትሮኒክስ ተምሬ ሐይቅ ከተማ በአንዲት ጥገና ቤት ሥራ ስጀምር ሠላሳ አራት ዓመቴ ነበር።

ጥገና ቤቷ ውስጥ ሁለት ነን፣ እኔና ሰይድ። ሰይድ ሙያውን ያገኘው ከትምህርት ቤት ሳይሆን የአባቱን ራዲዮ ከመፍታት ነው። የተበላሸ ስልክ ጆሮው ላይ አድርጎ ነቅነቅ ያደርግና ምን እንደነካው ይናገራል። እኔ በመሣሪያ ለክቼ፣ በደብተር ጽፌ ያንኑ እደርስበታለሁ። “አንቺ በደብተርሽ ጸልዪ፣ እኔ በጆሮዬ” እያለ ይቀልድብኛል። ስሜ ዘነበች ነው፤ እሱ ዘነቡ ይለኛል።

ነገሩ የመስሚያ መሣሪያ ነው። አንድ የበጎ አድራጎት ማኅበር መስማት ለተቸገሩ ሰዎች ከጆሮ ጀርባ የሚንጠለጠሉ ትንንሽ መሣሪያዎችን አምጥቶ፣ እንድንከታተላቸው ለእኛ ሰጠን። የመጀመሪያዎቹ አንድ ክረምት አልዘለቁም። ላብ ገባባቸው፣ ዝናብ ገባባቸው፤ አንዳንዶቹ ደግሞ ሰው አውልቆ ካስቀመጠበት ጠፉ። የማኅበሩ አስተባባሪ ከደሴ መጥታ፣ ሌላ አሥራ ሁለት እንደምትሰጠን፣ እነዚያም ካልበረከቱ ግን ሥራው ከሐይቅ እንደሚነሳ በትህትና ነገረችን። ከአሥራ ሁለቱ ኋላ ተራ የሚጠብቁ አርባ ሰዎች ነበሩ። ስማቸውን የጻፍኩት እኔ ነኝ።

ውሃ የማይዘው ገጽ ለመሥራት የተነሳሁት ያኔ ነው። ጥቅል ጎመን ላይ ውሃ አፍስሳችሁ ታውቃላችሁ? ጠብታው አይረጥብም፣ እንደ ዶቃ ይንከባለላል። ለዓይን ልስልስ የሚመስለው ቅጠል በማጉያ ሲታይ ሰም የለበሰ ስስ ሸካራ ነው፤ ውሃው የሸካራው ጫፍ ላይ ቆሞ ይቀራል እንጂ ወደ ታች አይወርድም። ይህን በፕላስቲክ ላይ ለመድገም ስድስት ወር ፈጀብኝ። ስስ ሲሊኮን ቀብቼ፣ ሳይደርቅ ጥላሸት እነሰንስበታለሁ። የላምባ ጥላሸት ቅባት አለው፤ የእንጨት ጥላሸት ሻካራ ነው። ከሞከርኩት ሁሉ የደቀቀው የጧፍ ጥላሸት ሆነ፤ ከንጹሕ ሰም የሚወጣ፣ እንደ ኩል የሚልም። በዚያ የተቀባ መሣሪያ ላይ ቀኑን ሙሉ ውሃ አንጠባጠብኩበት፣ የሐይቅ ውሃ ውስጥ ነከርኩት፣ ደርቆ ወጣ።

አሥራ ሁለቱን ቀብቼ ስንሰጥ ለእያንዳንዱ ሰው ሦስት ሦስት ጊዜ ነገርኩ። ከእንግዲህ ውሃ አትፍሩ፤ ከጠዋት እስከ መኝታ ከጆሯችሁ አታውልቁት፤ የሚያጠፋው ማውለቅ ነው። በደብተሬም ሰዎቹን በስም ሳይሆን ከአንድ እስከ አሥራ ሁለት በቁጥር ጻፍኳቸው። ስም ከጻፍኩ ለዘመድና ለምወደው አደላለሁ ብዬ ነው። የስሙን ዝርዝር በፖስታ አሽጌ መሳቢያ ውስጥ ቆለፍኩበት። በዚህ ጥንቃቄዬ ኮርቼ ነበር።

ሰዎቹ በሳምንት አንድ ቀን መሣሪያቸውን ያመጣሉ፤ ቁጥሩ ብቻ ተለጥፎበት አንድ ሌሊት ቁምሳጥናችን ውስጥ አድሮ ተፈትሾ ይመለሳል። አስተባባሪዋ ልትመጣ ሦስት ቀን ሲቀራት፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ ቁጥር ስምንት ሞቶ መጣ። ከሱ በፊት ቁጥር ሦስትና ቁጥር አምስት ሞተዋል። እነዚያን የፋብሪካ ጉድለት ነው ብዬ አልፌያቸው ነበር። ሦስተኛውን ግን ማጉያ ስር አስገባሁት።

ከባትሪው መክፈቻ ጀምሮ በጀርባው በኩል ጥላሸቱ የለም። ተነቅሎ አይደለም፣ ተቃጥሎም አይደለም። ተፈግፍጓል። ስፋቱ የአንድ ሰው ጣት ያህል ነው። ሁለቱን የቀደሙትን አውጥቼ አየኋቸው፤ ቦታው ያው፣ ስፋቱም ያው። ውሃ እንዲህ አይሠራም። ይህ የሰው እጅ ነው።

ቀና ስል ሰይድ ጀርባውን ሰጥቶኝ የመበየጃ ካውያውን እያሞቀ ያንጎራጉራል። የቁምሳጥኑ ቁልፍ ያለው እኔና እሱ ጋ ብቻ ነው።

ያን ቀን ያስታወስኩትን ሁሉ ብጽፍ ታፍሩልኛላችሁ። የጥላሸቱን ቀለም ሳዘጋጅ “ሥራ ፈት” ያለኝን አስታወስኩ። አስተባባሪዋ እኔን ብቻ ስታመሰግን ዝም ማለቱን አስታወስኩ። ቁጥር አምስት ያደረ ቀን ማምሻውን መጨረሻ የወጣው እሱ መሆኑን ደብተሬ ነገረኝ። እንደ ወትሮው “ምን ሆነሻል ዛሬ?” ሲለኝ ራስ ምታት ነው አልኩት። ልንዘጋ ስንል፣ አንድ የስለላ መጽሐፍ ላይ ያነበብኩት ትዝ አለኝና ከፀጉሬ አንዲት ዘለላ ነቅዬ በቁምሳጥኑ በርና በደፉ መካከል በሰም ለጠፍኳት። በሩ ቢከፈት ትወድቃለች።

ረቡዕ ስመጣ እሱ ቀድሞኝ ገብቶ ሻዩን ይጠጣል። ፀጉሯ እንደነበረች ናት። ደስ ሊለኝ ሲገባ አልተዋጠልኝም። የጠረጠረ ሰው ማስረጃ ሲያጣ ጥርጣሬውን አይጥልም፤ ሌላ ቦታ ይተክለዋል። እኔም ተከልኩት። ቁምሳጥኑ ውስጥ ካልተፈገፈገ፣ የፈገፈጉት ሰዎቹ ራሳቸው ናቸው። ለምን ይፈገፍጋሉ? አንድ ሰው አንድ ነገር ነግሯቸው።

ረፋድ ላይ ሽንኩርት የምትሸጠዋ እትዬ ዘይነባ ገባች፤ ቁጥር አሥራ አንድ። መሣሪያዋ ከትናንት ማታ ጀምሮ ዝም ብሏል። ገና ሳላስቀምጣት “ቀለሙን አንቺ ነሽ የፈገፈግሽው?” አልኳት። ስላልሰማችኝ ጮክ ብዬ ደገምኩት። መንገድ ላይ ያለ ሰው ሁሉ ዞረ። እሷ ግን መሣሪያውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና “አላህ ይስጥልኝ፣ አንድ ወር ሰምቼበታለሁ” ብላ ወጣች።

ሰይድ ካውያውን ነቀለ። “አንቺ ሴት፣ ምንድነው ነገሩ?”

ጠየቅኩት። ጥላሸቱ ከምን እንደተሠራ ለሰው ነግሮ እንደሆነ። የጧፍ መሆኑን የምናውቀው ሁለታችን ብቻ ነን፤ ጧፍ ደግሞ ሰው የሚያውቀው በቤተ ክርስቲያን ነው፤ ይህን የሰማ ሙስሊም ሊፈገፍገው ይችላል ብዬ።

ገባው። ፊቱ ላይ ሲገባው አየሁ። ወንበር ስቦ ተቀመጠና “የሞቱትን አራቱን አንብቢልኝ” አለ። ቁጥራቸውን ነገርኩት። “ቁጥሩን ምን ላድርገው? ሰዎቹን።”

ፖስታውን ቀደድኩ። በእኛ አገር ስም ብቻውን ሃይማኖት አይናገርም፤ አያቱ ሰይድ የሚባል ዲያቆን አለ፣ አባቷ ተሰማ የሆነች ሐጂትም አለች። እኔ ስም ብቻ አነበብኩ። ሰይድ ግን እያንዳንዱን ከነቤቱ ያውቃል። አራተኛውን ስጨርስ እጁን አነሳ።

“አራቱም የእኛ ናቸው” አለ። “የእናንተ ሰባት ናቸው። ሰባቱም ደህና።”

ቀሪው አንድ፣ ቁጥር ሰባት፣ አያ ይማም ነው። እሱም ሙስሊም ነው፣ መሣሪያው ግን ይሠራል፤ ውጫሌ ልጁ ዘንድ ሰንብቶ ከሌሎቹ ዘግይቶ ነው የወሰደው።

ከዚያ ሰይድ፣ ስድስት ዓመት አብሮኝ የሠራ ሰው፣ አይቶኝ በማያውቀው ዓይን አየኝ። “ዘነቡ፣ ለሁሉም አንድ ዓይነት ነው የቀባሽው?”

እስከዚያ ደቂቃ ድረስ ጠርጣሪዋ እኔ ብቻ እንደሆንኩ ነበር የማስበው። በጥርጣሬ መታየት እንዴት እንደሚያንገበግብ ያወቅኩት ያኔ ነው። ደብተሬን ገፋሁለት፤ የእያንዳንዱን ቀለም መጠን፣ ቀኑን፣ ሰዓቱን። ሳያነብ መለሰልኝ። “ደብተር የሚጽፈው ያዘዙትን ነው” አለ። ይህን ያለው ክፉ ሆኖ እንዳልሆነ አሁን አውቃለሁ። እኔ ከአንድ ቀን በፊት የእሱን ዝምታ እንደ ማስረጃ ቆጥሬ የለ?

ሁለታችንም አንድ ነገር ፈራን። እትዬ ዘይነባ ሰው እየሰማ ተጮሆባት ወጥታለች። እሷ ባትናገር እንኳ የሰማ ሰው አራቱን ይቆጥራል፤ የእነዚህ ሞተ፣ የእነዚያ ዳነ ይላል። ከዚያ ወዲያ ማን መሣሪያ ከእኛ ይወስዳል? ከመሣሪያውም የባሰ ነገር አለ፣ ልጽፈው አልፈልግም። ሰይድ “ነገሩ ገበያ ሳይወርድ ነገ አያ ይማም ዘንድ እንሂድ” አለ። የተስማማነው በዚህ ብቻ ነው። ያን ቀን በጊዜ ዘጋን።

አያ ይማም የሰፈሩ አስታራቂ ነበር፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ይሄድበታል። ጆሮው ሲደክም አንድ ጊዜ የአንዱን ወገን በደንብ ሳይሰማ ፈርዶ፣ ኋላ ስህተቱ ሲገለጽለት፣ ሁለተኛ ሽምግልና አልቀመጥም ብሎ ማለ። መሣሪያውን የወሰደ ሰሞን ነው ሰዎች ለምነው መሐላውን ያስነሱት። ይህ መሣሪያ ከሞተ ያ ሰውዬ ተመልሶ ቤቱ ይቀመጣል።

ሐሙስ ረፋድ ላይ ቤቱ ደረስን፤ ከደጁ ሐይቁ ይታያል። ሽማግሌው ከግራና ከቀኙ አስቀመጠን። የእሱ ደንብ አንዱ ተናግሮ ሲጨርስ፣ ሌላው ከመመለሱ በፊት የሰማውን ደግሞ መናገር ነው። ሳይሰማ ከፈረደበት ቀን ወዲህ ያመጣው ነው ይላሉ።

ሰይድ ተናገረ። ተራዬ ሲደርስ የራሱን ቃል በአፌ መድገም ነበረብኝ። “አብረን ስንበላ ኖረን፣ ሰው በሰማበት፣ ሃይማኖቴን ሥራዬ ላይ አምጥታ ጣለችብኝ” ብሏል አልኩ። እሱም የእኔን ደገመ፤ “የማንን ጆሮ እንደምቀባ ሳላውቅ ነው የቀባሁት፣ ቁጥር ብቻ ነበር የማየው” ብላለች አለ። ሲደግመው ቀስ እያለ መጣ፤ የመጨረሻውን ሁለት ጊዜ አለው።

አያ ይማም ስለ ጧፉ ጠየቀኝ። ነገርኩት። “ጧፍ ሰም ነው፣ ሰሙን የሠራችው ንብ ናት” አለ። “ንብ ደግሞ ከማን አበባ እንደቀሰመች ለማን ነግራ ታውቃለች? ይሄ ነገር አይደለም። ሌላ ነገር ፈልጉ።”

አዛን ተሰማ። ሽማግሌው ቆዩኝ ብሎ ተነሳ፣ ደጁ ላይ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ከማንቆርቆሪያው ውሃ እያፈሰሰ ውዱእ ማድረግ ጀመረ። እኔ ስድስት ዓመት ከሙስሊም ጋር ሠርቻለሁ፤ ጎረቤቶቼም ሙስሊሞች ናቸው። ግን ሰው ለጸሎቱ ሲታጠብ ትኩር ብሎ ማየት ነውር ነው ብዬ ሁልጊዜ ዓይኔን እሰብራለሁ። ያን ቀን ዓይኔን መስበር ረሳሁ።

እጁን ታጠበ፣ ተጉመጠመጠ፣ ፊቱን፣ ክንዱን እስከ ክርኑ። ራሱን በእርጥብ እጁ አበሰ። ከዚያ ጠቋሚ ጣቶቹን ወደ ጆሮው ሰደደ፣ አውራ ጣቱን ደግሞ ከጆሮው ጀርባ፣ ከላይ ወደ ታች፣ በመሣሪያው ጀርባ ላይ ጫን አድርጎ አወረደው። አውራ ጣቱን ሲያነሳ ጫፉ ላይ ግራጫ ነገር ነበር።

እስኪጨርስ አፌን በእጄ ይዤ ጠበቅሁ። ሰግዶ ሲመለስ “አያ፣ ሲታጠቡ ለምን አያወልቁትም?” አልኩት።

ገርሞት አየኝ። “አንቺ አይደለሽ እንዴ ከጠዋት እስከ መኝታ አታውልቁ ያልሽን? ሦስት ጊዜ ነው የነገርሽኝ።”

በቀን አምስት ጊዜ። እርጥብ አውራ ጣት፣ ያው ቦታ፣ ያው አቅጣጫ። ሰው ሆን ብሎ የፈገፈገው ያልኩት ምልክት፣ ያዘዝኳቸውን በታማኝነት የፈጸሙ ሰዎች ምልክት ነበር። ስድስት ወር ሙሉ ውሃን ስፈትን ጣትን አልፈተንኩም። ስማቸውን ሸሽጌ በቁጥር የጻፍኩት እንዳላዳላ ነበር፤ ከስማቸው ጋር ግን ኑሯቸውንም ከራሴ ሸሸግሁ።

ሰይድ ሳቀ። መጀመሪያ በአፍንጫው፣ ከዚያ እንባው እስኪወርድ። “ወላሂ፣ እኔ ራሴ በቀን አምስት ጊዜ ጆሮዬን አብሳለሁ” አለ። “አንድም ቀን አላሰብኩት።”

እዚያው ደጅ ላይ ሁለታችን ማንቆርቆሪያውን ከመሃል አድርገን ተቀመጥን። እሳት ላይ የኖረ ዕቃ ነው። ሆዱ እጅ ከመንካቱ ብዛት አብረቅርቋል፤ በሆዱ ዙሪያ የተቀረጸው የአበባ መስመር ውስጥ ያለው ጥላሸት ግን እንዳለ ነው። ጣቴን አሻሸሁበት። ጣት ከፍ ያለውን ይነካል፣ ጎድጓዳው ውስጥ አይገባም። ለሰይድ አሳየሁት። ብዙ አላስረዳሁትም።

“የሻይ ማጥለያ” አለ ወዲያው። “ሲሊኮኑ ሳይደርቅ የማጥለያውን ወንፊት ጫን እናድርግበት። ሲነሳ ጎድጓዳ ጎድጓዳ ይሆናል። ጥላሸትሽን ጎድጓዳው ውስጥ አስቀምጪው፣ ጣቱ ከፍ ባለው ግድግዳ ላይ ይሂድ።” በሕይወቴ ያነበብኳቸው መጻሕፍት ያልሰጡኝን ነገር በአንድ ትንፋሽ ተናገረው።

አርብ አስተባባሪዋ መጣች። አራቱን ሙታን ጠረጴዛው ላይ ደረደርኩላት። ሌሊቱን ሌላ ምክንያት ልናገር ብዬ ተፈትኜ ነበር፤ የባትሪ ጥራት፣ የአያያዝ ጉድለት። “ስህተቱ የእኔ ነው” አልኳት፣ ሁሉንም ነገርኳት። ስለዚህ አልሠራም ማለት ነው ብላ ጠየቀች። አልሠራም፣ ለምን እንዳልሠራ ግን አውቀናል አልኳት። ሰይድ አዲስ የተቀባ ፕላስቲክ አመጣ፤ ከጠዋት ጀምሮ በእርጥብ አውራ ጣቱ ሲፈገፍገው ነበር፣ የሦስት ወር ውዱእ ያህል፣ አራት መቶ ሃምሳ ጊዜ። “በመስበሃ ባልቆጥር ቁጥሩ ይጠፋብኝ ነበር” ብሎ ሲቀልድ ጣቱ ቀልቷል። እሷ ራሷ ውሃ ጠብ አደረገችበት። ጠብታው ተንከባልሎ ጠረጴዛው ላይ ወረደ። አንድ ክረምት ሰጠችን። ክረምቱ አልፎ የአያ ይማም መሣሪያ ዛሬም ይሠራል፤ አርባዎቹም ወስደዋል።

ለእትዬ ዘይነባ አዲሱን ቤቷ ድረስ ወስጄ፣ ሰው በሰማበት እንደጮህኩባት፣ ሰው በሰማበት ይቅርታ ጠየቅኳት። “አልሰማሁሽም፣ መጀመሪያ አድርጊልኝ” አለችና ካደረግኩላት በኋላ እንደገና አስደገመችኝ።

እናንተም ምን ቀየረሽ ብትሉኝ፣ አሁን ደብተሬ ላይ ስም እጽፋለሁ። ከስሙ አጠገብ ሰውየው ምን እንደሚሠራ፣ በምን እንደሚታጠብ፣ የት እንደሚሰግድ ወይም እንደሚሳለም፣ ፀጉሩን ቅቤ እንደሚቀባ እንደማይቀባ እጠይቃለሁ። አንድን ነገር ከመጠርጠሬ በፊትም የሰማሁትን መልሼ እናገራለሁ፤ የአያ ይማም ደንብ ነው።

አንድ ነገር ቀርቷል። ከወራት በኋላ፣ ሥራው ከሰመረ ወዲያ፣ ስለዚያች ፀጉር ለሰይድ ነገርኩት። መናዘዜ ነበር። እሱ ካውያውን ሳያስቀምጥ “አውቃለሁ” አለኝ።

“እንዴት?”

“ረቡዕ ጠዋት ሰም ፈልጌ ስከፍት ወደቀች። የማን እንደሆነች አላጣኋትም። መሬት ላይ ተንበርክኬ ፈልጌ መልሼ ለጠፍኳት።” የካውያውን ጢስ እፍ አለ። “ወድቃ ብታገኚያት ያን ቀን ምን ልታስቢ ነበር?”

እናንተም መልሱን ታውቁታላችሁ።